ሰፊ ጎማ በዋልካ ምድር

በመተማው ጋራዥ የመጀመሪያ ቀኔ ካቦ ሐጎስ አንድ ጆንያ ራጂ ከፊቴ ዘረገፉና «ለየው» አሉኝ። ምኑን ከምኑ እንደምለይ አልነገሩኝም። ራጂ ማለት ከጎማው እምብርት ተነሥቶ ቸርኬውን፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበትን የብረት ቀለበት፣ ወጥሮ የሚይዝ ቀጭን ሽቦ ነው። ጆንያው ውስጥ ረጅሙና አጭሩ፣ የዛገውና ደኅናው፣ አንገቱ የተጣመመውና ጥርሱ የተበላው ተደባልቋል። መጀመሪያ በርዝመቱ ደረደርሁት። ከዚያ ደኅናውን ከተበላሸው ለየሁ። በመጨረሻ ጭንቅላቱን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አዞርሁት።

ካቦ ሲመለሱ ቆም ብለው አዩት። ከዚህ በፊት ምን እሠራ እንደ ነበር ጠየቁኝ። አስተማሪ እንደ ነበርሁ፣ ጠላት ጎንደር ሲገባ ትምህርት ቤታችን እንደ ተዘጋ፣ አጎቴን ተከትዬ ወደ ቆላ እንደ ወረድሁ ነገርኋቸው። «እንግዲያስ ስምህ መምህር ነው» አሉ። እዚያ ጋራዥ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ በክርስትና ስሜ የጠራኝ ሰው የለም።

ዛሬ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ እኔም ወደ ጠመኔዬ ተመልሻለሁ። የእጅ ሥራ የማስተምራቸው ልጆችና አብረውኝ የሚያስተምሩ ጓደኞቼ ስለ ጋራዡ ዘመን ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ይህን ጻፍሁ። ስለ ጦርነቱ የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ የምጽፈው አንድ አሮጌ ዶቅዶቄ እንዴት ሰፊ ጎማ እንደ ለበሰ ነው።

ጋራዡ በዋናነት የጭነት መኪና መጠገኛ ነበር። ባለቤቱ ሲኞር ቤፔ የሚባል ጣሊያን ነው። ከጦሩ ኋላ ተከትሎ መጥቶ የቆላው ሙቀት ፊቱን ያጨማደደው፣ ከስድብ በቀር ብዙ የማይናገር ሰው። ከሱ በታች ካቦ ሐጎስ አሉ፤ የአሥመራ ሰው ናቸው፤ ካቦ ማለት የሠራተኛ አለቃ ነው። ከካቦ በታች መካኒኮች፣ ከመካኒኮች በታች ረዳቶች። እኔ ከረዳቶችም በታች ጀመርሁ። ብሎን መፍቻው ኪያቤ፣ ጠመዝማዛውን ማዞሪያ ካቻቢቴ፣ የጭቃ መከላከያው ፓራፋንጎ መሆኑን እንደ ፊደል አጠናሁ።

ካቦ ማስረዳት አይወዱም፤ እኔ ደግሞ እወዳለሁ። ስለዚህ ያሳዩኝን ነገር ማታ ለራሴ በቃል አስረዳለሁ። ለምሳሌ የጋሪ መንኮራኩር በእንጨት እግሮቹ ይቆማል፤ ሸክሙ የሚያርፈው ከታች ባለው እንጨት ላይ ነው። የራጂ ጎማ ግን አይቆምም፤ እምብርቱ ከላይ ባሉት ሽቦዎች ተንጠልጥሎ ነው የሚሄድ። ስለዚህ አንድ ራጂ ቢላላ ሸክሙን ጎረቤቱ ይሸከማል፤ ጎረቤቱ ሲደክም ሌላው ይከተላል። ይህን ለካቦ ብነግራቸው «እኔ ሃያ ዓመት ስሠራው አላወቅሁም ነበር» ብለው ሳቁብኝ።

አሁን ወደ ዶቅዶቄው ልምጣ። ባለቤቱ የመተማ ክሊኒክ ነበር፤ የሚነዳው የሐኪም ረዳቱ፣ ድሬሰር ፈንታሁን ነው። ፈንታሁን የጎንደር ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ የጎጃም ሰው ሲያገኝ የጎጃም ቀልድ፣ የወሎ ሰው ሲያገኝ የወሎ ቀልድ የማያጣ። ሥራው የንዳድ፣ ማለትም የወባ፣ ኪኒንና መርፌ ይዞ ከመተማ ወደ ኮኪት፣ ከኮኪት ወደ ሸሕዲ፣ መሃል ላይ ባሉት መንደሮች ሁሉ መዞር ነው። ክረምት ሲወጣ መሬቱ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው ሲቋጠር ትንኙ ይበዛል፤ ስለዚህ ሥራው የሚበረታው ከመስቀል በኋላ ነው። በቅሎ በዚያ ቆላ አትቆይም፤ ዝንቡ ይጨርሳታል። በእግር ከሄደ ኮኪት ላይ ይመሽበታል፤ የቀሩት መንደሮች ይቀራሉ።

ዶቅዶቄው አሮጌ ነበር። ጎማው ከቢስክሌት ጎማ እምብዛም አይሰፋም። በተጠረገ መንገድ ቀጭን ጎማ ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ይፈጥናል። የመተማ መሬት ግን ዋልካ ነው። ዋልካ ሲርስ እንደ ሊጥ ይይዛል። ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እግር ያስገባል፤ የአህያ ኮቴ ይውጣል። መንገዱን የሚቆርጠውን ስንጥቅ ቀጭን ጎማ ይዘለዋል። ከመንገዱ ጋር አብሮ የሚሄደውን ስንጥቅ ግን ይገባበታል። ከገባበት መሪው አይታዘዝም፤ ነጂው ይወድቃል።

ፈንታሁን በዚያ ጥቅምት ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሁለተኛው የእጁ አንጓ ወለቀ። ዶቅዶቄውን እየገፋ፣ እጁን በሻሽ አስሮ ወደ ጋራዡ መጣ። «ካቦ፣ መሬቱ ነከሰኝ» አለ። ከዚያ ቀልዱን ትቶ እውነተኛውን ነገረን። የክሊኒኮቹ የበላይ የሆነው፣ ጎንደር ያለው ጣሊያናዊ ሐኪም፣ ዶቶሬው፣ ስለ አደጋው ሰምቷል። በቅርቡ ወደ መተማ ይመጣል። ዶቅዶቄው ለዚህ አገር የማይሆን ከሆነ ወደ ጎንደር ተጭኖ ለቁርጥራጭ ብረት ይሰጣል፤ ፈንታሁንም በእግሩ ይዞራል።

በማግስቱ ወይዘሮ የሺ መጡ። ኮኪት ላይ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ እርሻውን ብቻቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው። ክሊኒኩ ሄደው ፈንታሁንን ሲያጡ ጋራዡ ድረስ ፈልገውት መጡ። ፈንታሁንን ከጎማው አጠገብ ተቀምጦ አገኙት።

«ሐኪም» አሉት፣ «ሰሊጤ አፉን ሊከፍት ነው። አጫጆቼ ዳስ ሥር ተኝተው ይንቀጠቀጣሉ። አንተ እዚህ ጎማ ታሻለህ።»

«እሜቴ፣ እጄን አያዩትም? የወደቅሁት እኮ ወደ እርስዎ ስመጣ ነው።»

«ሞቶ ይሆናል ብዬ መንገዱን ሁሉ እያዘንሁልህ ነው የመጣሁ። ደኅና ነህ። በል ኀዘኔን መልስልኝ።»

ሰሊጥን ለማያውቅ ላስረዳ። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬውን ያዘለው ቆባ ከጫፉ ይሰነጠቃል። ከመሰንጠቁ በፊት ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ ሆኖ መቆም አለበት፤ ሂላ ማለት ተደጋግፎ የቆመ የነዶ ክምር ነው። አንድ ሳምንት ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚለቅመው ጉንዳን ብቻ ነው። የወይዘሮ የሺ አጫጆች ከደጋ የወረዱ ናቸው፤ ንዳድ የማያውቁ። ፈንታሁን የሚቻለውን ያህል ኪኒን ቋጥሮ ሰጣቸው። የጠናባቸው ግን መርፌ ያስፈልጋቸዋል፤ መርፌ ደግሞ በሱ እጅ ነው። ወይዘሮ የሺ ኪኒኑን በመቀነታቸው ቋጥረው ሄዱ። ሲወጡ ዶቅዶቄውን አየት አድርገው «ቀጭን ነገር አልወድም» አሉ።

ከጋራዡ ኋላ ሦስት እግር የነበረው፣ ከጎኑ መቀመጫ የተቀጠለበት የተሰበረ የጦር ሞተር ሳይክል ወድቆ ነበር። ሞተሩ አይረባም፤ ጎማዎቹ ግን ሰፊና ደኅና ናቸው። ካቦ ሲኞር ቤፔን ጠየቁት። ሲኞር ቤፔ እምቢ አለ። የጦሩ ንብረት ነው፣ አሮጌ ዶቅዶቄ ለዚያ ጎማ አይገባውም፣ ደግሞም አይገጥምም ብሎ ሦስት ምክንያት በአንድ ትንፋሽ ደረደረ። ካቦ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

መላ ያመጡት ሼህ ኢድሪስ ናቸው። ሼህ ኢድሪስ ከጋራዡ ፊት ለፊት አንገረብ የሚጠፍሩ ሽማግሌ ነበሩ። አንገረብ በእንጨት አራት ማዕዘን ላይ እርጥብ የበሬ ቆዳ ጠፍር ተጎንጉኖ የሚሠራ አልጋ ነው፤ ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሼህ ኢድሪስ ችግሩን ሰሙና «ጎማ መለወጥ ምን ያደርጋል? ይኸኑ አወፍረዋለሁ» አሉ። ቀጭኑን ጎማ በእርጥብ ጠፍር ዙሪያውን ደራርበው ሊጎነጉኑት ነው። ካቦ ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ። ፈንታሁንም ደስ አለው፤ «ዶቅዶቄዬ ጫማ አደረገች» አለ።

ሥራው ያምር ነበር። ሼህ ኢድሪስ ጠፍሩን ሲስቡ ጥርሳቸውን ጭምር ይጠቀማሉ። ጨርሰው እጃቸውን አራገፉና «ኻላስ» አሉ። ፀሐዩ ቀኑን ሙሉ አደረቀው። ማታ ፈንታሁን በግቢው ውስጥ ሲነዳው ጎማው እንደ ቀንድ ጠንክሮ፣ ስንጥቁን ሁሉ ሳይነካ እየዘለለ ሄደ። ዶቅዶቄውን አጥር ሥር አቁመን ተለያየን።

ጠዋት ስመጣ ሰው ተሰብስቧል። ዶቅዶቄው ከነበረበት ተጎትቶ አጥሩ ቀዳዳ ላይ ተጋድሟል። ጠፍሩ የለም። ከላይ እስከ ታች ተግጦ ተበልቷል፤ ሥር የነበረው ጎማ ላይም የጥርስ ምልክት አለ። ዘበኛው ሌሊት የሚጎተት ነገር ሰምቶ እንደ ነበር ተናገረ። ለምን እንዳልወጣ ሲጠየቅ «ጅብ ዶቅዶቄ መንዳት ከጀመረ ምን ላደርገው ነው ብዬ» አለ።

ፈንታሁን ሼህ ኢድሪስ ዘንድ ሄዶ ጠፍር ጅብ እንደሚጠራ ለምን እንዳልነገሩን ጠየቃቸው። መተማ ውስጥ ግማሹ ሰው ከሙቀቱ የተነሣ ደጅ አንገረብ ላይ ያድራል፤ ጅብ ነክቶት አያውቅም። ሼህ ኢድሪስ በጣም ተገረሙ። «ልጄ፣ አንገረቡ ላይ እኮ ሰው ተኝቶበታል» አሉ። «ዶቅዶቄው ላይ ማን ተኛ?»

ጫጫታውን ሰምቶ ሲኞር ቤፔ እየተሳደበ ወጣ። ካቦ በጣሊያንኛ አስረዱት። ጎማውን አየ፤ የአጥሩን ቀዳዳ አየ፤ እንደገና ጎማውን አየ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ቤንዚን በርሜል ላይ ተቀመጠ። ዝም ይልና የጥርሱን ምልክት ሲያይ እንደገና ይስቃል። በዚያ ግቢ ውስጥ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዓይኑን በመሐረብ ጠርጎ ለካቦ አንድ ነገር ተናገረና ገባ። ምን እንዳለ ጠየቅናቸው። «ሰፊዎቹን ጎማዎች ውሰዱ፤ ቀጥሎ አንበሳ ሳይመጣ» ብሏል አሉ።

እውነተኛው ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ካቦ ከሁሉ በፊት አዲሱን፣ የጦሩን ሞተር ሳይክል ቸርኬ አንሥተው የራጂ ቀዳዳዎቹን እንድቆጥር አዘዙኝ። ከዶቅዶቄው እምብርት ቀዳዳ ጋር እኩል ሆነ። እኩል ባይሆን ሥራው እዚያው ያበቃ ነበር፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ራጂ አንድ ጫፉ እምብርቱ ላይ፣ አንድ ጫፉ ቸርኬው ላይ የራሱ ቦታ አለው። አዲሱ ቸርኬ ግን ዙሪያው ያንሳል። ስለዚህ ራጂዎቹን አሳጠርን፤ በተቆረጠው ጫፍ ላይ እንደገና ጥርስ አወጣን።

ራጂ ሲሰካ ግማሹ ከእምብርቱ ቀኝ፣ ግማሹ ከግራ ይነሣል፤ እያንዳንዱ ጎረቤቱን አቋርጦ ያልፋል። ሲጠብቅ ደግሞ በተራ አይደለም። አንዱን ካጠበቅህ ቀጥሎ የምትሄደው ፊት ለፊቱ ወዳለው ነው። በተራ ካጠበቅኸው ቸርኬው ወደ አንድ ወገን ይሳባል። ሼህ ኢድሪስ ከጅቡ በኋላ ኀፍረት ይዟቸው ይሁን ወይም ለማየት ጓጉተው፣ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ያዩን ነበር። ማጥበቁን ሲያዩ «ይኸማ አንገረብ ነው» አሉ። ካቦም ኪያቤውን ሰጧቸው። አንዱን ጎማ ጨርሰው ያጠበቁት ሼህ ኢድሪስ ናቸው።

ቸርኬው ቀጥ ብሎ መዞሩን የምናውቀው በጠመኔ ነው። ጎማውን አሽከርክረህ ጠመኔውን ከጎኑ አስጠግተህ ትይዛለህ። የሚነካው ቦታ ላይ ምልክት ይቀራል፤ በዚያ በኩል ያለውን ራጂ ታላላለህ፣ የማዶውን ታጠብቃለህ። ይህ ሥራ ለኔ ተሰጠ፤ ካቦ ጠመኔ የመያዝ ልምድ አለህ አሉ። ፈንታሁን ደግሞ ደኅነኛ እጁን ሰዶ ራጂዎቹን እንደ ክራር ይመታቸዋል። እሱ ለቀልድ ነው፤ ካቦ ግን ያዳምጡ ነበር። ድምፁ የወፈረውን ራጂ በጣታቸው ያሳዩኛል፤ ሄጄ ስነካው ሁልጊዜ ላልቶ አገኘዋለሁ።

የኋላው ጎማ ሲገባ ሰንሰለቱን ነካ። ሰንሰለቱ ጎማውን ከነካ በአንድ ቀን ይበጣጥሰዋል። ካቦ ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን ሁለቱን ጥርሳም ክቦች ሮንዴላ እየደረቡ ወደ ውጭ አወጧቸው። ሮንዴላ ብሎን ሥር የሚገባ ክብ ቆርቆሮ ነው። ከሁለቱ ክቦች አንዱ ብቻ ቢወጣ ሰንሰለቱ ይንጋደድ ነበር። ከዚያ በዶቅዶቄው ግራና ቀኝ ሲባጎ ወጠርንና የፊቱና የኋላው ጎማ በአንድ መስመር መሆናቸውን አየን።

የፊት ጎማው ከመሪው ሥር ከሚወርዱት ሁለት የብረት እግሮች መሃል ገባ፤ ግን ጠበብ ብሎ ነበር። በየጎኑ የቀረው ክፍተት ጣት አያስገባም። ከላይ ፓራፋንጎው ጎማውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው፤ በመዶሻ ጥቂት ከፍ አደረግነው። ካቦ ዝቅ ብለው አዩት። ክረምቱ ወጥቷል፣ መሬቱ ደርቋል። «ይበቃል» አሉ። ሁላችንም ይበቃል አልን።

ፈንታሁን ይዞት ሲወጣ የገበያው ሰው ቆሞ አየ። ሰፊው ጎማ በስንጥቁ ላይ አለፈ፤ ሳይገባ፣ ሳይንገዳገድ። ፈንታሁን በዚያ ቀን ከተማውን ስንት ጊዜ እንደ ዞረ እሱም አያውቅ።

ዶቶሬው ከጎንደር በጭነት መኪና መጣ። ቀጭን፣ ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። ዶቅዶቄውን ዞሮ አየና ፈንታሁንን ነገ ኮኪት ላይ እጠብቅሃለሁ አለው። ነድቶት ኮኪት ከደረሰ ዶቅዶቄው ይቆይለታል። ካልደረሰ በዚያው መኪና ተጭኖ ይሄዳል።

በዚያ ሌሊት ዘነበ። በጥቅምት ማለቂያ የማይጠበቅ ዝናብ ነው። ጠዋት ስንነሣ ዋልካው አብጧል፤ ስንጥቆቹ ሁሉ አፋቸውን ዘግተዋል። የዶቶሬው መኪና ማልዶ ወጥቷል። የፈንታሁን አንጓ ገና ስላልጠና ካቦ እኔን ከኋላው አስቀመጡኝ፤ ኪያቤና ካቻቢቴ በኪሴ ከተቱልኝ። የኪኒኑና የመርፌው ሣጥን ጀርባዬ ላይ ታሰረ።

ከከተማው ብዙ ሳንርቅ የፊት ጎማው ቆመ። ወርጄ አየሁ። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ተጠቅጥቋል። በእንጨት ጎረጎርሁት፤ ተነሣን፤ ትንሽ ሄደን እንደገና ቆምን። ቀጭኑ ጎማ ቢሆን ይንሸራተት ነበር እንጂ አይቆምም። በደረቅ ያዳነን ስፋት በእርጥብ ያዘን።

ፈንታሁን ጭቃው ላይ ተቀመጠ። «መምህር፣ ገፍተን እንመለስ ወይስ ጥለናት በእግር እንሂድ?» አለኝ። እንደ ሁልጊዜው አልሣቀም። ኪያቤውን አወጣሁና ሁለቱንም ፓራፋንጎ ፈታሁ። ግራር ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኋቸው። ከላይ መያዣ ሲያጣ ጭቃው መበተን ጀመረ። በእግሮቹ መሃል ያለው ግን አሁንም ይጠቀጠቅ ነበር። ስለዚህ ከመንገዱ ወጣን። መንገዱን የመኪና ጎማ አቡክቶታል፤ ከጎኑ ያለው የማሽላ ማሳ ግን ሥሩ አፈሩን ይዞታል። በማሽላው ቆረን፣ ከአጨዳ በቀረው የአገዳ ጉቶ ላይ እየዘለልን ሄድን።

ወንዝ ዳር ስንደርስ የዶቶሬው መኪና እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ቆሟል። ሾፌሩ በአካፋ ይቆፍራል። ዶቶሬው ዳር ላይ ቆሞ መንገድ ያያል፤ ሲያየን እጁን አነሣ።

«ፈንታሁን፣ ቁም» አልሁት።

«ብቆም አልነሣም» አለና ፍጥነት ጨመረ።

ፓራፋንጎ የሌለው ሰፊ ጎማ ጭቃ ወዴት እንደሚልክ አስቀድመን አላሰብንም። ዞሬ አየሁ። ዶቶሬው እጁን እንዳነሣ ቆሟል፤ ከባርኔጣው እስከ ጫማው ዋልካ ለብሷል።

«ነካሁት?» አለኝ ፈንታሁን።

«ሙሉውን» አልሁት።

«እንግዲህ አለቀልን» አለ። «ኪኒኑ ግን ከእኛ ጋር ነው።»

ወይዘሮ የሺ ዳስ ሥር ሰባት ያህል ሰው ተኝቶ ነበር። አንዱ ወጣት የወሎ ልጅ ብርድ ብርድ ይለው ነበር፤ በስሙ ሲጠሩትም አይሰማም። ፈንታሁን እጁን ታጥቦ ከሱ ጀመረ። ያን ጊዜ አንዲት ቀልድ ከአፉ አልወጣችም። እኔ ውሃ አፈላሁ፣ መርፌ አቀበልሁ። ወይዘሮ የሺ ኪኒኑን በየሰው አፍ እየከተቱ እስኪውጥ ድረስ አገጩን ይዘው ቆሙ። ከዳሱ ማዶ ሰሊጡ በዝናቡ ጎንበስ ብሏል፤ የታችኛው ቆባ አንዳንዱ አፉን ከፍቷል፤ የላይኛው ገና ነው።

ሥራው ሲያልቅ ፈንታሁን የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ዶቅዶቄዋን ዛሬ እንደሚያጣት፣ ከእንግዲህ በእግሩ እንደሚመጣ፣ በመጣ ጊዜም ይህን ያህል ሰው ላይደርስበት እንደሚችል ነገራቸው። ወይዘሮ የሺ ሁለት ጥማድ በሬ አስነዱና ጅራፉን ራሳቸው ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። እኛም ዶቅዶቄውን እየነዳን ተከተልን።

ዶቶሬው ፊት ላይ ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በሬዎቹን ሲያይ ተነሣ። ወይዘሮ የሺ በሬዎቹን መኪናው ፊት አቁመው ገመዱን ግን አላሰሩም።

«ከመጥመዴ በፊት አንድ ነገር ንገሩልኝ» አሉ። «ይኸ ልጅ ሰባት ሰው ከሞት መለሰ። የመጣው በዚህች ነው። እሷን ከወሰዱበት በሬዎቼን ይዤ እሄዳለሁ፤ መኪናውም እዚሁ ይዝራ፣ ይጨድ።»

ፈንታሁን ጣሊያንኛ ይችላል፤ ግን ስለ ራሴ እኔ አልተረጉምም ብሎ ዞረ። እኔ ቀረሁ። የኔ ጣሊያንኛ የኪያቤና የፒንሳ ጣሊያንኛ ነው፤ ልመና የሚሆን ቃል የለውም። ዶቅዶቄውን አሳየሁና ሞተር፣ ኮኪት፣ ኪኒን አልሁ። መኪናውን አሳየሁና ካሚዮን፣ እዚህ አልሁ። በሬዎቹን አሳየሁና ሴትየዋን አሳየሁ። ሾፌሩ ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

ዶቶሬው ግን አልሣቀም፣ አልተቆጣም። ወደ ዶቅዶቄው ሄዶ ጎንበስ አለ። ጣቱን በፊት ጎማውና በእግሩ መሃል አስገብቶ የተጠቀጠቀውን ጭቃ እንደ ጡብ ፈነቀለው። ከዚያ ለፈንታሁን በዝግታ ተናገረ። ፈንታሁን ሰምቶ ወደ እኛ ዞሮ ተረጎመ።

«ከጠዋት ጀምሮ በዚህ መንገድ ያለፈው ይኸ ብቻ ነው ይላል። ይቆይልህ፤ ግን ጭቃው መውጫ የለውም፣ አሠራው ይላል።» ከዚያ ጨመረ፤ «ደግሞ ፓራፋንጎ ይኑረው ይላል። ይኸን ሁለቴ ነው ያለው።»

ወይዘሮ የሺ ገመዱን አሰሩ። መኪናው በበሬዎቹ ሁለተኛ ስበት ወጣ።

ስንመለስ ካቦ ሐጎስ ጣታቸውን ዶቶሬው ያስገባበት ቦታ አስገቡ። የፊት ጎማውን ፈቱ። እግሮቹን የሚያያይዙትን ብሎኖች በረጃጅም ለወጡ፤ መሃላቸው የተቆረጠ ቱቦ አስገብተው እግሮቹን አራራቁ። ከግራሩ ያወረድነውን ፓራፋንጎ በአዲስ ብረት ከጎማው አንድ መዳፍ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ዶቅዶቄው ሲታይ አንገቱን የመዘዘ ሰጎን መሰለ። ፈንታሁን አስቀያሚ ሆነችብኝ ብሎ ቢያማርርም ማንም አልሰማው።

የወይዘሮ የሺ ሰሊጥ ጥቂቱ ረገፈ፤ የበዛው ሂላ ሆኖ ቆመ። ያ የወሎ ልጅ ከአጫጆቹ ሁሉ መጨረሻ ተነሥቶ የመጨረሻዎቹን ነዶዎች አሰረ።

ጋራዡ አሁን የለም። ሲኞር ቤፔ ጦርነቱ ሲገለበጥ ከሌሎቹ ጋር ሄደ። ካቦ ወደ አሥመራ ተመለሱ። ፈንታሁን ግን ባለፈው ክረምት ሸሕዲ ላይ አገኘሁት፤ በዚያችው ዶቅዶቄ፣ በጭቃ ላይ፣ የኪኒን ሣጥኑን አስሮ። ሳይቆም እጁን አነሣልኝና አለፈ።

ለእናንተ ሥራውን ለምትማሩ የምለው ይህ ነው። በአሮጌ ዶቅዶቄ ላይ ሰፊ ጎማ ስትገጥሙ ጎማውን ለክታችሁ አታቁሙ። በጎማውና በብረቱ መሃል ጭቃ የሚያልፍበትን ክፍተትም ለኩ። መሬቱ በደረቀበት ወር የምትሠሩ ከሆነ መሬቱ እንደሚርስ አድርጋችሁ ለኩ።